አረጠ፣ ተካ፣ ቀጠለ

«አረጠች» ሲባል አድራጊዋ ሴቲቱ ራሷ ናት። ደሙ ቆመ፣ ወሩ ቀረ ማለት ይቻል ነበር፤ አማርኛ ግን ግሱን ለእሷ ሰጣት። ማረጥ፣ ያረጠች፣ ልታርጥ የተቃረበች፣ ሳታርጥ የወለደች እያለ ለአንድ የዕድሜ ደረጃ አንድ ሙሉ ግስ መድቦለታል። ፈረንሳዮች ለዚሁ ነገር የሕክምና ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1816 ነው። ሻርል ፒየር ሉዊ ደ ጋርዳን የተባለ ሐኪም «ወር» እና «ማቆም» የሚሉ ሁለት የግሪክኛ ቃላት አጋጥሞ «ሜኔስፖዚ» አለው፤ በ1821 ደግሞ አሳጥሮ «ሜኖፖዝ» አደረገው። ዛሬ በሐኪም ካርድ ላይ የሚጻፈው ቃል የዚያ ልጅ ነው። የግሪኩ «ወር» ከጨረቃ ጋር ዝምድና አለው። የእኛም «ወር» የመጣው ከግእዙ «ወርኅ» ነው፤ ወርኅ ደግሞ ጨረቃም ወርም ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ሰማይ እያዩ ቆጥረዋል።

አረጠ ከጎረቤቱ ከ«አረጀ» የሚለየው በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። አንድ አይደሉም። በ48 ዓመቷ ያረጠች ሴት በሰሜን ወሎ መርሳ ገበያ ውላ፣ እህሏን አስፈጭታ፣ ማታ እንጀራ ጋግራ የምታድር ናት፤ አረጀች ብሎ የሚደፍራት የለም። ከ«መከነች» ጋር የሚያምታታውም አለ። መካን የምትባለው ያልወለደች ናት፤ ያረጠች ግን ሰባት ወልዳ ልጆቿን ድራ ሊሆን ይችላል። ቋንቋው ሦስቱን ለይቶ ሲያበቃ እኛ ስናወራ እንደባልቃቸዋለን።

አሁን ከማረጥ ጎን አንድ እንግዳ ሐረግ ተቀምጧል፤ «የሆርሞን ምትክ ሕክምና»። እንበልና ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች እህት በቦርሳዋ ክኒን ይዛለች፣ ወይም ከእምብርቷ በታች ትንሽ ፕላስተር ለጥፋለች። እዚህ ያለችው ታላቋ ታያትና «ምንድን ነው ይሄ?» ትላታለች። ከማብራሪያው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል፤ እስከ መቼ ነው የምትወስጂው? መቀጠልና ማቆም የሐኪም ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ነገሩን ካወሳሰቡት ቃላት አንዷ «ምትክ» የምትለዋ ናት ባይ ነኝ።

ወደ እሷ ከመድረሳችን በፊት ግን ከአበባው እንጀምር። «የወር አበባ» የአማርኛ ብቻ ፈጠራ አይደለም። ትግርኛ «ወርሓዊ ጽግያት» ይላል፤ ጽግያት ከግእዙ «ጽጌ» ጋር አንድ ዘር ነው፣ በመስከረምና በጥቅምት ማኅሌቱ የሚቆምለት ያው ጽጌ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 የሴትን ደም «አበባ» ብሎ ተርጉሞታል። ግእዝ ሌላም ስም አለው፤ «ትክቶ»። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ልማደ አንስት» ይላሉ፤ የሣራም ማረጥ በዘፍጥረት 18 በአማርኛው የተነገረው «ልማድ» በምትል ቃል ነው። «አደፍ» የሚሉም አሉ፣ ማደፍ ከሚለው፤ እሱን ቃል አልወደውም። የዛሬ ልጆች «ፔሬድ» ብለው ገላግለውታል።

ወሎ ግን አንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም የሚሰማው። መርሳ ያለችበት ሀብሩ የድሮው የጁ ነው፤ የጁ ደግሞ ዳናን የመሰለ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ያለበት አገር ነው። ስለዚህ ለወር አበባ «ሐይድ» የሚለው የዐረብኛ ቃል እዚህ ከአማርኛው እኩል ያገለግላል። የዐረብኛው የማረጥ ስም ግን ከበድ ይላል፤ «ሲን አል የእስ» ነው፣ የተስፋ መቁረጥ ዕድሜ። መነሻው ቁርኣን ነው፤ ከሐይድ ተስፋ ስለቆረጡ ሴቶች የፍቺ ወራት የሚደነግገው ቦታ። በሕጉ ውስጥ ቃሉ ደሙ ዳግም አይመጣም ማለት ብቻ ነው። ከሕጉ ወጥቶ በሰው አፍ ሲገባ ግን ሴቲቱን ራሷን ተስፋ የቆረጠች አስመሰላት። አማርኛ ይህን ፍርድ አልሰጠም። እንዲያውም በእድሜ ገፋ ያለችውን «እታበባ» ብሎ የሚጠራ ቋንቋ ነው።

በአማርኛ የሚጎድለው ከማረጥ ጋር የሚመጣው ሙቀት ስም ነው። ከደረት ተነስቶ አንገትና ፊት ላይ የሚወጣው ድንገተኛ ግለት፣ ተከትሎት የሚመጣው ላብ፣ ከላቡ በኋላ ብርድ ብርድ ማለቱ በአማርኛ የራሱ የሆነ አንድ ስም የለውም። «ይነደኛል»፣ «እሳት ለቀቀብኝ»፣ «ያልበኛል» ይባላል፤ ግስ እንጂ ስም አይደለም። መርሳ ደግሞ ሞቃት ናት፤ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወርዱ ወበቁ ይቀበላል፣ ወባም ታውቃለች። ሌሊት አንሶላዋን በላብ አርሳ ያደረች ሴት ጠዋት የምታስበው ወባን ነው። ጣቷን ተወግታ ትመረመራለች፤ የለም ይባላል። ታይፎይድ ይሆናል ይባላል። ወይ ደግሞ ምች መታሽ ትባልና ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጣታል። ስም የሌለው ነገር ስም ያለው በሽታ ይለጠፍበታል። እዚህ ላይ ከሐኪሙ ወገን አንዲት ጥያቄ ብትቀድም ብዙ ድካም ይቀር ነበር። በአማርኛ ጥያቄዋ የምትጠየቀው በ«ማየት» ነው፦ «እትዬ፣ የወር አበባዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

መልሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በቤተሰብ ምጣኔ ብዙ የአገራችን ሴት የምትመርጠው የሦስት ወሩን መርፌ ነው፤ መርፌው ደግሞ ራሱ ደሙን ሊያስቀረው ይችላል። 47 ዓመት የሞላት የመርፌ ተጠቃሚ «ካየሁ ሁለት ዓመቴ» ብትል አርጣ ይሁን መርፌው ይሁን በአፍ ብቻ አይለይም። ማረጥ የሚባለው በሌላ ምክንያት ሳይሆን 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ሆርሞን። ቃሉን ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሥነ አካል ተመራማሪ ኧርነስት ስታርሊንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ለንደን ውስጥ በሰጠው ትምህርት ላይ። መነሻው የግሪክኛ ግስ ነው፤ ማነሳሳት፣ ማንቀሳቀስ። በአማርኛ ሲያስረዱ «ቅመም» የሚሉት ሐኪሞች አሉ፤ ይህን ትርጉም እወደዋለሁ። ከቀመመ ቅመም ይወጣል፣ ከዚያው ከቀመመ መድኃኒት ቀማሚ ይወጣል። ማጀቱና ፋርማሲው በአንድ ግስ ተያይዘዋል፤ ልኩን ማወቅም በሁለቱም ቤት ያው ነው፣ ጥቂት ይበቃል፣ ሲበዛ ያበላሻል።

የሴቷ ሆርሞን የኢስትሮጅን ስም ግን ውለታ ቢስ ነው። «ኦይስትሮስ» በግሪክኛ ከብት የሚነክስ ዝንብ ነው፤ ከዚያም ዝንቡ የሚያመጣው መቅበዝበዝና እብደት ሆነ። በግሪኮች ተረት ኢዮ የተባለች ልጅ ጊደር ሆና በዚህ ዝንብ እየተነደፈች አገር ላገር ትዞራለች። ኤስኪለስ በተውኔቱ መንገዷን በኢትዮጵያውያን ወንዝ በኩል አድርጎ ወደ ዓባይ ይወስዳታል፤ ስለዚህ ዝንቡ በእኛም ሰፈር አልፏል። የሴትን ሆርሞን ከእብድ ዝንብ ጋር ማያያዝ የሳይንስ ሳይሆን የወንዶች ቀልድ ይመስለኛል። የባልንጀራው ስም የተሻለ ነው፤ ፕሮጄስትሮን ማለት ለእርግዝና የቆመ ማለት ነው።

ስም አወጣጥ ከተነሳ «ፕሪማሪን» አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ለገበያ የተፈቀደው ይህ የኢስትሮጅን ክኒን ስሙ ከሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ቁራጭ የተገጣጠመ ነው፤ ያረገዘች፣ ባዝራ፣ ሽንት። መድኃኒቱ የሚወጣው ከእርጉዝ ባዝራ ሽንት ነው፣ ስሙም ይህንኑ ሳይደብቅ ይናገራል። በየጁ ቢነገር ሰው ፈገግ ይላል እንጂ አይደነግጥም።

እንግዲህ «ምትክ»። ግሱ ተካ ነው። ስሞቻችን ውስጥ አለ፤ ተካ፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካልኝ። እነዚህ ስሞች የሚወጡት ደስታ ብቻ ባለበት ቤት አይደለም። አያት ሲሞት፣ ወንድም ሲቀር፣ የበፊቱ ልጅ ሳይድግ ሲቀር የሚወለደው ነው ምትኩ የሚባለው። በአማርኛ ምትክ ያለ ሞት የለም፤ የተተካ ነገር ሁሉ የጠፋ ነገር አለው። ስለዚህ «የሆርሞን ምትክ» ስትባል ሴቲቱ ሳታስበው ሐዘን ትሰማለች፤ አንድ ነገር ሞቶብኛል፣ ይተካልኝ። ከዚያ ደግሞ ማን ምትኩን ይጥላል?

ይህን ስሜት ሆን ብለው የሸጡት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም «ለዘላለም ሴት» የሚል መልእክት ያለው መጽሐፍ አወጣ፤ ማረጥን የጉድለት በሽታ አደረገው፣ መድኃኒቱንም የዕድሜ ልክ ምትክ። በ1975 ኢስትሮጅንን ለብቻው የወሰዱ ሴቶች ላይ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር እንደሚበዛ የሚያሳዩ ጥናቶች ታተሙ፤ መድረኩ ቀዘቀዘ። ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ሲጨመርበት ተመልሶ ሞቀ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2002 ላይ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ትልቁ ሙከራ የሁለቱን ድብልቅ የሚመለከተው ክፍል ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ። ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ ስትሮክ፣ 7 ተጨማሪ የልብ ሕመም ተቆጠረ፤ በአንጻሩ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5 ቀነሰ። በመላው ዓለም ሴቶች ክኒናቸውን ጣሉ። ብዙዎች ያላነበቡት ነገር ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበር ነው፤ አብዛኞቹ ካረጡ የቆዩ ነበሩ። ማሕፀናቸው በቀዶ ሕክምና የወጣና ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በስትሮክ ምክንያት ቢቆሙም የጡት ካንሰር አልጨመረባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የሙያ ማኅበራት ቃሉን ራሱን ትተውታል። «ምትክ» የምትለውን አውጥተው «የማረጥ ሆርሞን ሕክምና» ማለት ጀመሩ። ጨዋታ አይደለም። በ50 ዓመቷ ያረጠች ሴት የጠፋባት ነገር የለም፤ ጊዜው ደርሶ ቆመ። የምትወስደው ሙቀቱን ለማብረድ፣ እንቅልፍ ለማግኘት፣ አጥንቷን ለመደገፍ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ የሚያልቅ ሕክምና ነው። በ38 ዓመቷ ያረጠች ወይም የእንቁላል ዕጢዎቿ በቀዶ የወጡባት ሴት ግን ሌላ ናት። እሷ ላይ ምትክ የሚለው ቃል በልኩ የተሰፋ ነው፤ ሊኖራት የሚገባው ገና ሳይደርስ ቀርቶባታል። ለእሷ ሐኪሞች የሚሉት ሌላ ክልከላ ከሌለ ቢያንስ እስከ ተለመደው የማረጫ ዕድሜ፣ እስከ 50 ወይም 51 አካባቢ፣ ቀጥዪ ነው። ሁለቱን ሴቶች በአንድ «ምትክ» መጥራት አንዷን ያለ ምክንያት ያስጨንቃል፣ ሌላዋን ያለ ምክንያት ያስቆማል።

ለዚህ ዕድሜ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዕድሜ ደግሞ በወሎ የሚቆጠረው በክፉ ቀን ነው። «የ66ቱ ድርቅ ጊዜ የተወለድኩ ነኝ» የምትል ሴት ዛሬ 50ን ተሻግራለች፤ ማረጧ ወግ ነው። «የ77 ልጅ ነኝ» የምትለው ግን ገና በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት፤ ይህቺ ካረጠች ከ45 በፊት አርጣለችና ጉዳይዋ ምርመራ ይፈልጋል። ከ60 ዓመት በታች ወይም ካረጡ 10 ዓመት ሳይሞላ ለሚጀምሩ ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል የሚለው የዛሬው የሐኪሞች ሚዛን በመርሳ የሚሠራው በድርቅ ዓመታት ተመንዝሮ ነው።

«ልቀጥል» ስትል ደግሞ ቀጠለ ገመድ ላይ ገመድ ማሰር ነው፤ ቋጠሮ አለው። እያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ ቋጠሮውን ማየት ይገባል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊት፣ ጡት፣ የምልክቱ ሁኔታ። ሙቀቱ በብዙዎች ላይ ከ7 ዓመት በላይ ይዘልቃል፤ ሆርሞኑን ሲያቆሙም ወደ ግማሽ በሚጠጉት ሴቶች ላይ ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣል። መመለሱ ግን ማቆሙ ስህተት ነበር ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የሚያስቸግር ሌላ ቃል አለ፤ ማቋረጥ። መቁረጥ ከሚለው የወጣ ነው። በሳንባ ነቀርሳና በኤች አይ ቪ መድኃኒት ትምህርት ይህ ቃል በአገራችን ጥፋት ሆኖ ኖሯል፤ «እንዳታቋርጪ» ተብለን አድገናል፣ በእነዚያ በሽታዎች ላይ ትክክልም ነው። ግን ያው ቃል ሆርሞን ላይ ሲመጣ ሴቲቱ ማቆምን እንደ ኃጢአት ታየዋለች። የሆርሞን ክኒን ሲቆም መድኃኒቱን የሚላመድ ተሕዋስ የለም፣ የሚፈርስ ሕክምና የለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ የስኳርና የግፊት መድኃኒት የተቋረጠበት ሰው ምን እንደደረሰበት አገሩ ያውቃል። ያ ማቋረጥ ነው። በራሷ ፈቃድ ከሐኪም ጋር ተመካክራ ቀስ እያለች የቀነሰችው ግን «አቆመች» ነው የሚባለው። ማቆም ከጉዞ እግርን ማሳረፍ ነው።

ማሕፀን የሚለው ቃል ሐፀነ ከሚለው ነው፣ ማቀፍና ማሳደግ። «ተማፀነ» ብለን በየዕለቱ የምንናገረውም ከማሕፀን ነው፤ ልጅ ማሕፀን እንደሚጠለል ሰው ሰውን ይጠለላል። በሆርሞኑ ነገር ማሕፀን መኖር አለመኖሩ መንገድ ይከፍላል። ማሕፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ለብቻው መውሰድ የለባትም፤ ፕሮጄስትሮን ይጨመርላታል። አወሳሰዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፕሮጄስትሮኑን በወር ለተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚሰጥ ሲሆን ደሙን በየወሩ ይመልሰዋል። ሌላው ሁለቱን በየቀኑ አብሮ ስለሚሰጥ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ደም አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ይህ ልዩነት ለንደን ውስጥ የምቾት ጉዳይ ነው። መርሳ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደጅና የመስጊድ ጉዳይ ነው። በደሟ ወራት ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ያስቀደሰች ክርስቲያን፣ ሶላትና ጾም ያቋረጠች ሙስሊም፣ ሲያርጡ ያንን ነጻነት አግኝተውታል፤ ብዙ እናቶች ቆብ የሚጭኑትም ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሳይነግራት ደሙ ቢመለስባት መድኃኒቱን የምትጥለው ካንሰር ፈርታ ሳይሆን ቅዳሴ ቀርቶባት ነው። ይህን የሚጠይቅ የሕክምና ቅጽ አላየሁም።

ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር፤ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንድ ግስ የተነሳው ነገር አድዋ ላይ በጦር ተፈታ። ሆርሞን ስትጀምሩም ስትቀጥሉም ከሐኪሙ አፍ የሚወጣውን ግስ አድምጡ። በጊዜዋ ላረጠች ሴት ትክክለኛው ግስ «ይቻላል» ነው፤ «አለብሽ» ካላት ምክንያቱን ትጠይቅ፣ «በፍጹም አይቻልም» ካላትም ምክንያቱን ትጠይቅ። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም ያጋጠማት ሴት ምክንያቱ በቂ ሆኖ ታገኘዋለች። መወሰን የሚለው ቃል ወሰን ማበጀት ነውና ድንበሩ እስከ የት እንደሆነ፣ ማን እንዳሰመረውም ትወቅ።

አንድ ነገር ግን ምርጫ የለውም። ካረጡ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚታይ ደም፣ ሆርሞን የምትወስድ ሴት ላይ ያልተጠበቀ ደም ቢሆንም፣ «አበባው ተመለሰ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ እዚያ ካልተቻለ ወልድያ ሆስፒታል ድረስ። የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ቀድሞ የሚናገረው በዚህ ነው፣ ቀድሞ ከተገኘም በአብዛኛው ይድናል።